የትምህርት ቤት ውጤትና የተማሪዎች ስብጥር፦ ሲነበቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ትምህርት ቤቶች በአማካያቸው ይደረደራሉ። ከላይ የተቀመጠው ጎበዝ፣ ከታች የተቀመጠው ደካማ ይባላል፤ ወላጅ ልጁን ያዛውራል፣ መምህሩ ይወቀሳል፣ ርዕሰ መምህሩ ይነሳል። የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ መርጦ አይቀበልም። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ማስተማሩ የሚናገረውን ያህል ስለ መጡት ልጆችም ይናገራል። ሁለቱ ሳይለዩ የሚሰጥ ፍርድ ጎበዝ መምህራንን ያሳዝናል፣ ችግረኛ ልጆችንም ያሳፍራል።

የጠቅላላ አማካይን ማፎካከር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ በስሌት ላሳይ። እያንዳንዳቸው 100 ተማሪ ያላቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። በመጀመሪያው 20 ልጆች ኑሮው ከተደላደለ ቤት፣ 80 ደግሞ ከችግረኛ ቤት ይመጣሉ። የደላቸው በአማካይ 80፣ የቸገራቸው 60 አመጡ። በሁለተኛው ስብጥሩ ተገልብጧል፦ 80ዎቹ የደላቸው 76፣ 20ዎቹ የቸገራቸው 56 አመጡ። ጠቅላላ አማካዩ ሲሰላ የመጀመሪያው 64፣ ሁለተኛው 72 ይሆናል። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛው በ8 ነጥብ ይመራል።

አሁን መልሳችሁ እዩት። የደላውም ልጅ የቸገረውም ልጅ በ4 ነጥብ የተሻለ ውጤት ያመጣው በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የሲምፕሰን ፓራዶክስ የሚሉት ይህን ነው። ዝርዝሩን አምኖ ልጁን ወደ ሁለተኛው ያዛወረ ወላጅ፣ ልጁ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ዝቅተኛ ውጤት ወደሚታይበት ወስዶታል። አማካይ ሲነገራችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «በየወገኑ ስንት ነው?» የሚል ይሁን።

አማካዩ ወረደ ማለት ትምህርቱ ወረደ ማለት ነው ብሎ መደምደም

ያው ስሌት ከዓመት ዓመትም ይሠራል። በፊት ደጁን ያልረገጡ ልጆች መግባት ሲጀምሩ፣ የማንም ልጅ ውጤት ሳይቀንስ አማካዩ ሊወርድ ይችላል። በአሜሪካ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አማካይ እ.ኤ.አ. ከ1963 በኋላ በተከታታይ ሲወርድ ትልቅ ድንጋጤ ተፈጠረ። በ1977 የወጣው የአጥኚዎች ሪፖርት እስከ 1970 አካባቢ ለታየው መውረድ ዋናው ምክንያት የተፈታኞቹ ስብጥር መለወጡ እንደሆነ አመለከተ፤ ከዚያ በኋላ ለቀጠለው ግን ሌሎች ምክንያቶችንም ጠቀሰ። ስብጥር ተለወጠ ማለት ሁሌም ማምለጫ ሰበብ አይደለም። ሁሌም እውነተኛ ማብራሪያ ነው ማለትም አይቻልም። የሚለየው ተከፋፍሎ ሲታይ ነው።

የቀሩትን አለመቁጠር

«ካስፈተንናቸው 90 በመቶው አለፉ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ስንት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባ ጠይቁ። 200 ገብተው፣ 80ው በየመንገዱ ቀርተው፣ 120 ተፈትነው 108 ካለፉ 90 በመቶ የሚለው ትክክል ነው። ከገቡት አንጻር ግን ያለፉት 54 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ስሌት የሚያበላሸው ማቋረጥ ብቻ አይደለም፤ መድገምና ዝውውርም አሉበት። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት በሰነድ የተዛወረውን ቀንሶ፣ በዝውውር የመጣውን ደምሮ፣ አንድ ላይ የገቡትን እስከ መጨረሻው መከታተል ያስፈልጋል። ደካማ ተማሪን ከፈተናው በፊት «ሌላ ቦታ ይሻልሃል» ብሎ መሸኘት ውጤትን ከፍ የሚያደርግ ቀላል መንገድ ነው። ልጁን ግን ይጎዳዋል፤ እንዲህ ላለው ትምህርት ቤት ማጨብጨብ የለብንም።

መነሻውን ሳያዩ መድረሻውን መመዘን

ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አንቀጽ ማንበብ የሚከብደውን ልጅ ተቀብሎ ለማለፊያ ያበቃ መምህር፣ ጎበዝ ተቀብሎ ጎበዝ ካስመረቀው በላይ ሠርቷል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፕሮግረስ 8 በሚባል መለኪያ የተማሪውን ውጤት በአንደኛ ደረጃ ማብቂያ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው ልጆች ጋር ስታነጻጽር የቆየችው ለዚህ ነው። መለኪያው የቤተሰብን ድህነት በቀጥታ ስለማያካትት ብዙ ተተችቷል። እንዲያም ሆኖ ከደረቅ አማካይ ይሻላል።

ወገኑን ምክንያት ማድረግ

«ድሆች ስለሆኑ ነው» ብሎ መዝጋት ምንም አያብራራም። ድህነት በራሱ ፈተና ላይ አይቀመጥም፤ የሚሠራው በመንገዶች ነው፦ ሠርቶ በመግባት፣ በቀሪ፣ በመጽሐፍ እጦት፣ በተደጋጋሚ ቤት መቀያየር። ትምህርት ቤቱ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሊነካቸው ይችላል፤ «ድሆች ናቸው» ሲባል ግን ሁሉም ይሸፈናሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ጄምስ ኮልማን የመራው ሰፊ ጥናት፣ የተማሪዎችን የውጤት ልዩነት ከትምህርት ቤት ቁሳቁስ ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ በይበልጥ እንደሚያብራራው አሳየ። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው «ትምህርት ቤት ለውጥ አያመጣም» አሉ። ጥናቱ ግን መምህራንና አብረው የሚማሩ ልጆች ለውጥ እንደሚያመጡ፣ ይህም ከችግረኛ ቤት ለመጡት የበለጠ እንደሚሠራ አመልክቶ ነበር።

ከቡድን ወደ ግለሰብ መዝለልም የዚሁ ስህተት ዘመድ ነው። የአንድ ወገን አማካይ 56 ነው ማለት ከዚያ ወገን የመጣችው ልጅ 56 ታመጣለች ማለት አይደለም። ከአንደኛዋ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በየወገኑ ሁሉም ዓይነት ተማሪ አለ።

ልጆች የሚወጡበትን ምድብ እንደ ቋሚ ማየት

የማስተማሪያው ቋንቋ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ልጆች ለብቻ ሲመዘገቡ፣ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን የቻለ ከምድቡ ይወጣል፣ አዲስ የመጣ ይገባል። ስለዚህ የምድቡ ውጤት ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የተሳካላቸው በስሙ አይቆጠሩማ። ከምድቡ የወጡትንም አብሮ መከታተል ግድ ነው። የሒሳብ ውጤታቸውም ሲነበብ ጥያቄው የተጻፈበት ቋንቋ ራሱ ፈተና እንደነበር አይረሳ።

ድህነትን በአንድ ምልክት መለካት

በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ መለኪያው ነፃ ወይም ቅናሽ የትምህርት ቤት ምሳ ማግኘት ነበር። ችግረኛ በበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ምሳው ለሁሉም ነፃ እንዲሆን ሲፈቀድ ምልክቱ ደበዘዘ። አዎ ወይም አይደለም የሚል ምልክት ትንሽ የጎደለበትንና ሁሉ የጎደለበትን ልጅ አንድ ያደርጋል።

በጥቂት ልጆች ላይ ትልቅ መደምደሚያ መገንባት

8 ልጆች ባሉበት ምድብ አንድ ልጅ ሲወድቅ የማለፊያው መጠን በ12.5 ነጥብ ይወርዳል። ልጁ የዚያን ቀን ታሞ ሊሆን ይችላል። የሦስት አራት ዓመት ውጤት አንድ ላይ ካልታየ በስተቀር እንዲህ ያለ ቁጥር አቅጣጫ አያሳይም። ከዚህም በላይ የሚያሳስብ ነገር አለ። በአንድ ምድብ 3 ልጆች ብቻ እያሉ «ከእነሱ ማንም አላለፈም» ብሎ በግድግዳ ላይ መለጠፍ የእያንዳንዱን ውጤት በስም እንደመጥራት ነው፤ ጓደኞቻቸው እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ። እንዲህ ያለው ቁጥር ለሚመለከታቸው መምህራን ይሰጥ፤ ከሰሌዳው ላይ ግን ይውጣ።