ለቤተሰብ ቤት ጣሪያ ሚስማርና ቡሎን ከውጭ ሆነው ሲያስገዙ

አዲስ አበባ ያለውን የወላጆቻቸውን ቤት ከውጭ ሆነው የሚያሳድሱ ሰዎች ስለ ቆርቆሮው ውፍረትና ቀለም በስልክ ደጋግመው ይነጋገራሉ። ሚስማሩን ግን አናጢው እንዳገኘ ይገዛዋል። ያ ሁሉ እንጨትና ቆርቆሮ ተያይዞ የሚቆመው በሚስማሩ ስለሆነ፣ ወጪው ትንሽ በሆነው በዚህ ዕቃ ላይ እንዳይሰስቱ እለምናለሁ።

ጣሪያችን በአብዛኛው የሚዋቀረው በባሕር ዛፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም በደንብ ሳይደርቅ ይመታል። እርጥቡ እንጨት አሲድነት ስላለው ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ጭንቅላቱ ደህና የሚመስል ሚስማር ሲነቀል ወገቡ ቀጥኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ዝገቱ በተራው ዙሪያውን ያለውን እንጨት ያደክማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ እንጨቱ አስቀድሞ ተገዝቶ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ጣሪያው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሠራ ይመረጣል።

ሻጩ «ጋልቫናይዝድ ነው»፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ቢል አይበቃም። በኤሌክትሪክ የሚለበጠው ዚንክ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) ብቻ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ለስላሳ ነው፣ አንዳንዱም ቢጫ ነው። በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የወጣው ግን በአብዛኛው 45 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሲሆን ሲዳስሱት ይሻክራል። ዚንክ ራሱ እየተበላ ብረቱን ስለሚጠብቅ ዕድሜው እንደ ውፍረቱ ነው። የመጀመሪያው ለቁም ሳጥንና ለውስጥ በር ይሁን። ለጣሪያ፣ ለበረንዳና ለውጭ ደረጃ ሁለተኛውን ያስገዙ። ከአሮጌ ቤት ተነቅሎ የተቃና ሚስማር ልባሱ ስለተሰነጠቀ ፈጽሞ አይግባ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የሚመከረው 316 የተባለው የስቴንለስ (ዝገትን የሚቋቋም ብረት) ደረጃ እዚህ አላስፈላጊ ወጪ ነው። የድሮ ቤት የእንጨት በረንዳ ለሚያሳድስ ግን 304 የተባለው ደረጃ ስቴንለስ ቪቴ ዋጋው ያስቆጨዋል ብዬ አላምንም፤ ተራ ብረት እንጨቱ ላይ ጥቁር ዕድፍ ይተዋል። ስቴንለስ ቪቴ በደረቅ ባሕር ዛፍ ላይ በቀላሉ ስለሚቆረጥ መጀመሪያ በድሪል ይበሳለት። እንጨቱ መዳብ ባለበት መከላከያ የታከመ ከሆነ መዳቡ ዚንክን ስለሚያጠቃ ስስ ልባስ ያለውን አይቀበሉ። ቡሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላውም ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ውሉ ላይ «ለጣሪያው በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ሚስማር» ብለው ያስጽፉ፤ ገዢው ወንድምዎ ይሁን ኮንትራክተሩ፣ ደረሰኝና በቀን ብርሃን የተነሳ ፎቶ ይላክልዎ። ከተጠራጠሩ ጥቂት ሚስማር ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ለቀናት ይቀመጥ። ነጭ ዱቄት የዚንኩ ነው፤ ቶሎ ቀይ ዝገት ከወጣ ልባሱ ስስ ነው፣ ይመለስ። በስምዎ ፈቃድ የሚያወጣና የሚፈርም ሰው ካስፈለገ ውክልናውን ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ይስጡ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል።

ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት በቪዲዮ ደውለው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይዩ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ የሚልኩት ከዚያ በኋላ ይሁን።