የሽጉጥ አፎት ስትሰሩ ቆዳው እምቢ ሲል፤ ችግርና መፍትሄ

እርጥብ ቆዳን በሽጉጥ ቅርጽ ተጭኖ አፎት ማውጣት ሲያዩት ቀላል ነው። መቁረጥ፣ መስፋት፣ መንከር፣ ሽጉጡን ማስገባት፣ በጣት መጫን፣ ማድረቅ። ሲበላሽ ብዙ ሰው እጁን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ቆዳው ምን ዓይነት ነው? ምን ያህልስ ውሃ ጠጥቷል? አብዛኛው ችግር ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ከሁሉም በፊት ግን ጥንቃቄ። ቅርጽ የምታወጡት በእውነተኛ ሽጉጥ ከሆነ ካዝናውን አውጡ። በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ጥይት የምትሰሩበት ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይኑር። የሚሻለው ግን በልኩ የተጠረበ እንጨት ወይም የፕላስቲክ ሞዴል ነው። እንጨት አይዝግም፤ የደንበኛን መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ከማሳደርም ያድናል።

ሲደርቅ ቅርጹ ይጠፋል

እዚህ ጋ ተጠርጣሪው ክሮም፣ ማለትም ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል፣ ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው የጃኬት፣ የቦርሳና የጫማ ገበር ቆዳ በአብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። የክሮም ቆዳ ቢነከርም ሲደርቅ ወደ ልስላሴው ይመለሳል። የፈለጋችሁትን ያህል ብትጫኑት ዋጋ የለውም። ለአፎት የሚሆነው በታኒን፣ ማለትም ከዕፅዋት በሚወጣ ማልፊያ፣ የለፋ ቆዳ ነው፤ ለጫማ ሶል የሚውለው ደረቅ ያለ ቆዳ የዚህ ዘር ነው።

ለመለየት ጠርዙን በስለት ቁረጡና ውስጡን እዩት። ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። ቀለም እስከ ውስጥ ዘልቆ ካሳሳታችሁ ትንሽ ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱ። በታኒን የለፋው ወዲያው ተኮማትሮ ይጠነክራል። ክሮሙን ብዙም አይነካውም። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ማለቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም፤ ሁለቱም እውነተኛ ቆዳ ናቸው።

ቆዳው ትክክለኛ ሆኖ አሁንም ከረገበ ውፍረቱን ለኩ። ለመካከለኛ ሽጉጥ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ስስ ብቻ ካገኛችሁ ሁለቱን ሻካራ ፊት ለፊት በማስቲሽ አጣብቁ። ከከብቱ የሆድ በኩል የተቆረጠ ቆዳ ግን ይለጠጣል፤ የጀርባውን ምረጡ።

የሽጉጡ መስመሮች ቁልጭ ብለው አይወጡም

ውሃው ወይ በዝቷል ወይ አንሷል። በጣም የራሰ ቆዳ እንደ ስፖንጅ ተጭኖ ይመለሳል። ያልራሰው ደግሞ አይታዘዝም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ንከሩና አውጥታችሁ ጠብቁ። ላዩ ወደ ቀድሞ ቀለሙ መመለስ ሲጀምር፣ ጉንጭ ላይ ስታስጠጉት ግን ገና ከቀዘቀዘ፣ ያኔ ነው ጊዜው። አብዛኛው ሰው ይህን ጥበቃ አይችለውም።

ከዚያ በማንኪያ እጀታ ጀርባ ወይም በለሰለሰ አጥንት መስመሮቹን ተከተሉ። ጥፍራችሁን አርቁ። እርጥብ ቆዳ ላይ ያረፈ ጥፍር ምልክቱን ይተዋል።

ጥቁር ነጠብጣብ ወጣበት

ብረትና ታኒን እርጥበት ላይ ሲገናኙ ይጠቁራሉ። አንዳንድ ባለሙያዎች በኮምጣጤ ውስጥ ብረት አሟሙተው ቆዳ የሚያጠቁሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ እናንተ ግን ሳታስቡት እየሰራችሁት ነው። ምንጩ የዛገ ባልዲ፣ ሚስማር ወይም ራሱ ሽጉጡ ሊሆን ይችላል። የፕላስቲክ ሳፋ ተጠቀሙ። ሽጉጡን በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ነጠብጣቡ ገና አዲስ ከሆነና ቆዳው ቀለምም ዘይትም ካልተቀባ፣ በውሃ የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ ያደበዝዘዋል። ከዚያ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ይኸው እርጥበት ሽጉጡንም ያዝጋል። ቅርጹ እንደያዘ አውጡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት። እርጥብ አፎት ውስጥ ፈጽሞ አይደር።

ተኮማተረ ወይም ተሰነጠቀ

ከሰል ዳር፣ ፀሐይ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ደርቋል ማለት ነው። እርጥብ ቆዳ ከምታስቡት ባነሰ ሙቀት ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ደግሞ አይመለስም። ጥላ ስር፣ ነፋስ ባለበት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተውት። ከደረቀ በኋላ ዘይት በስሱ ብቻ ቀቡ። የበዛ ዘይት የለፋችሁበትን ጥንካሬ መልሶ ያለሰልሰዋል።

ጠበበ፤ ሰፋ

ችግሩ የስፌቱ መስመር ላይ ነው። ከሽጉጡ ዙሪያ ምን ያህል ይራቅ ለሚለው፣ የሽጉጡን ውፍረት ግማሽ ከቆዳው ውፍረት ጋር ደምሩ። 30 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ሽጉጥና ለ3 ሚሊ ሜትር ቆዳ 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ትንሽ ከጠበበ የደረቀው አፎት ውስጥ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ባዶ ሽጉጥ አሳድሩ። ከሰፋ ምላጩን በሚከበው ቀለበት ዙሪያ ቆዳውን መልሳችሁ አርጥባችሁ ተጫኑት። ሲመዘዝ የፊት ማነጣጠሪያው ከያዘ፣ ቅርጽ ስታወጡ በላዩ ቀጭን እንጨት አስደግፉና መንገድ ተዉለት።

ሴፍቲው ከቦታው ይንቀሳቀሳል

ይህ ማካሮቭ በሚባለው ሽጉጥ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። ሴፍቲው፣ ማለትም እንዳይተኮስ የሚይዘው ቁልፍ፣ በግራ በኩል ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ቆዳው እላዩ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ከተጫነ ሽጉጡ ሲገባና ሲወጣ ሊገፋው ይችላል። ቅርጽ ስታወጡ ቁልፉ ላይ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ለጥፋችሁ ክፍተት ፍጠሩ፤ ወይም ቆዳውን ከቁልፉ በታች ቁረጡት። ግሎክ በሚባለው ሽጉጥ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ የእጅ ሴፍቲ የለም። ስለዚህ ምላጩ ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ቆዳ ውስጥ መሸፈን አለበት።

አፉ ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ ታጠፈ

አዲስ አፎት ላይ ከሆነ አፉን የሚያጠነክር ተጨማሪ የቆዳ ቀበቶ ስፉበት። ያረጀና የለሰለሰ ከሆነ ግን መጠገኑን አልመክርም። የታጠፈው ጠርዝ ሽጉጡ ሲገባ ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ምላጩን ሊስበው ይችላል። ደንበኛው «ለምጄዋለሁ፣ ዝም ብለህ ስፋልኝ» ቢላችሁም አትቀበሉት። በአሮጌው ልክ አዲስ ቁረጡለት።