መስመሩ አልሠራ ሲል፦ የስላሎምና የዳውንሂል ችግሮችና መፍትሄዎች

በስኬትቦርድ ስላሎም፣ ማለትም በኮኖች (ሾጣጣ ምልክቶች) መካከል እየተጠማዘዙ በሚወረድበት ውድድር፣ መስመሩን የሚሠራው ኮን ነው። ባዶ ቁልቁለት ይሰጣችኋል፤ የት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚፈጥን የምትወስኑት እናንተ መስመር ዘርጊዎቹ ናችሁ። በዳውንሂል፣ ቁልቁል መንገድን በፍጥነት በሚወረድበት ውድድር፣ ግን መንገዱ ከእናንተ በፊት ወስኖ ጨርሷል። ኩርባውን አታስተካክሉትም፤ ሥራችሁ የት እንደሚጀመር፣ የት እንደሚቆምና የወደቀ ሰው ምን ላይ እንደሚያርፍ መወሰን ነው። ካየኋቸው የተበላሹ መስመሮች አብዛኞቹ የተበላሹት የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው ይዞ በመሄድ ነው፤ የራሴንም እጨምራለሁ።

ሁሉም ሰው አንዱን ኮን ይመታል

አሥር ሰው ወርዶ ሰባቱ አሥራ አራተኛውን ኮን ከገፉት ጥፋቱ የአሥራ አራተኛው አይደለም። ተወዳዳሪው መዘግየት የጀመረው አሥረኛው አካባቢ ነው። እያንዳንዱን መዞሪያ በጥቂቱ ዘግይቶ ይጀምራል፤ የተጠራቀመው ዕዳ አሥራ አራተኛው ላይ ይጠየቃል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ፍጥነት እየጨመረ ክፍተቱ ባለበት መቅረቱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 6 ሜትር ለሚወርድ ሰው በ2 ሜትር ርቀት የተቀመጡ ኮኖች አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ይሰጡታል። ያው ሰው በሰከንድ 9 ሜትር ሲደርስ የሚቀረው 0.22 ሰከንድ ብቻ ነው። እግር በዚያ ፍጥነት ቦርድ ከግራ ወደ ቀኝ ማመላለስ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ጎማው ይንሸራተታል ወይም ኮኑ ይወድቃል።

መፍትሄው የሚመታውን ኮን ትቶ ከእርሱ በላይ ወዳሉት አራት ኮኖች መውጣት ነው። ክፍተታቸውን ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ አስፉ፤ ለእያንዳንዱ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወይም ኮኖቹ ወደ ጎን የወጡበትን መጠን ቀንሱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትሞክሩ፤ የትኛው እንደሠራ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ማንም አይዞርም

ተወዳዳሪዎች ቀጥ ብለው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ነቅነቅ እያደረጉ ካለፉ መስመሩ የጉልበት መፈተኛ እንጂ ስላሎም አይደለም። በእርግጥ ኮኖቹ በአንድ ቀጥታ የሚደረደሩበት ውድድር አለ፤ እርሱ የራሱ ውበት አለው። ሌላ ለመሥራት አስባችሁ ይህ ከወጣ ግን ችግሩ የጎን ርቀት ማነስ ነው። ጀማሪ ዘርጊ እዚህ ላይ ክፍተቱን ያጠብባል፤ በዚህም ቀጥታውን መስመር ይበልጥ ፈጣንና ይበልጥ አሰልቺ ያደርገዋል። ክፍተቱን ተዉት፣ ኮኖቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አውጡ። ጠባብ ስላሎም ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ክፍተት ይዞ ይሠራል፤ ሰፊው ዓይነት፣ ጃይንት ስላሎም፣ ከ3 ሜትር በላይም ይሄዳል። ጃይንቱን ጃይንት የሚያደርገው ግን የጎን ርቀቱም ጭምር ነው።

ፍጥነቱ መሃል ላይ ይሞታል

ስላሎም ተወዳዳሪ በየመዞሪያው በሰውነቱ ቦርዱን እየገፋ ፍጥነት ይፈጥራል። መዞሪያው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ግፊቱ ወደ ፊት መውሰዱን ትቶ ጎማውን ወደ ጎን ይፈገፍገዋል። ለስለስ ባለ ቁልቁለት ላይ የጃይንት ርቀት የዘረጋ ሰው የሚያየው ይህንን ነው። አጥብቡት፤ ቁልቁለቱ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ዘርጉ።

አንደኛው መስመር ሁልጊዜ ያሸንፋል

ጎን ለጎን ሁለት መስመር ዘርግታችሁ ግራው ደጋግሞ ካሸነፈ መጀመሪያ ሜትር አውጡና ለኩ። ልኬቱ ትክክል ከሆነ ተጠያቂው አስፋልቱ ነው፤ ውኃ እንዲወርድለት መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ አንደኛው መስመር ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ይህን በኮን አታካክሱትም። ተወዳዳሪዎቹ መስመር ይቀያየሩ፣ የሁለቱ ዙር ሰዓት ይደመር።

የኮን ጭቅጭቅ ከተነሳ ደግሞ መድኃኒቱ ጠመኔ ነው። በእያንዳንዱ ኮን ግርጌ ዙሪያውን አስምሩ፤ ከክቡ የወጣ ተመቷል፣ ውስጡ የተነቃነቀ አልተመታም። ለአንድ ኮን በብዙ ውድድሮች የሚጨመረው ቅጣት 0.1 ሰከንድ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም ስላሎም የሚሸነፈው በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ዳውንሂል ላይ ኩርባው ከመጠን በላይ ይፈጥናል

እዚህ ላይ የስላሎም እጅ ኮን ፍለጋ ይሄዳል። ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ኩቤክ አንድ ሰው ቦርድ ላይ ቆሞ በሰዓት 146.73 ኪሎ ሜትር ወርዷል። የውድድር ፍጥነት ከዚህ ዝቅ ቢልም መንገድ መሃል የቆመ ኮን ተወዳዳሪን አያዘገይም፤ ያወድቃል። የመጀመሪያው ሰው ገፍቶት ከሄደ ደግሞ ለሁለተኛው የሚንከባለል እንቅፋት ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ ኩርባ ለማለዘብ ብዬ ሦስት ኮን አኑሬ ነበር፤ በልምምዱ የመጀመሪያ ዙር ራሴ ሮጬ አነሳኋቸው።

ኩርባ ላይ ያለ ፍጥነት የሚመጣው ከላይ ካለው ከፍታ ነው። የአየርና የጎማ ጎታችነት ባይኖር 20 ሜትር ከፍታ የወረደ ሰው በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ 10 ሜትር የወረደ 50 ገደማ። እውነተኛው ቁጥር ያንሳል፤ ሆኖም ከፍታው በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ እንደማይቀንስ ልብ በሉ። ስለዚህ መነሻውን ዝቅ ስታደርጉ አትቆጥቡ። አሥር እርምጃ ማውረድ ለኅሊና እረፍት እንጂ ለኩርባው የሚፈይደው የለም።

የድርቆሽ ጥቅሎቹ አሉ፣ ሰው ግን ይጎዳል

ከመንገድ የሚወጣውን ሰው ለመቀበል የሚደረደሩት ጥቅሎች የተቀመጡት ኩርባው የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ሰው የሚወጣው ግን በአብዛኛው ከመሃሉ በኋላ፣ በውጭው ዳር ነው። ልምምዱን ቆማችሁ ተመልከቱ፤ የጎማው ጥቁር ፈለግ የት እንደሚያመራ ይነግራችኋል። የብረት አጥር ካለ በፊቱ ደርድሩ፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት የሚንሸራተትን ሰው ይውጣል። ምሰሶ ካለ በአንድ ጥቅል አትሸፍኑት። ሌሊት ዝናብ ከጣለ ጥቅሎቹን በእጃችሁ ግፉ፤ ውኃ የጠጣ ድርቆሽ ይከብዳል፣ ይጠነክራል፣ ለመታው ሰው አይራራም። የተበተነው ብጣሽም ከመንገዱ ይጠረግ፤ ጎማ ሥር ሲገባ ያንሸራትታል።

አራቱም የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይጋጫሉ

አብረው የተነሱት አራት ተወዳዳሪዎች መነሻው ለኩርባው ስለቀረበ አልተለያዩም። እዚህ ያለው ጣጣ ቀጥታውን ለማርዘም መነሻው ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነትም አብሮ መውጣቱ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ካልተቻለ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አውርዷቸው። ይህን ለአዘጋጆች ስናገር ሁልጊዜ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ውድድሩ ይረዝማል፣ አዎ።

መድረሻውን ካለፉ በኋላ ይወድቃሉ

መድረሻው ተመልካች በሚቆምበት፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት ቦታ ተሠምሯል፤ ማቆሚያ ግን አልቀረም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በእግሩ ወይም በመንሸራተት የሚያቆም ሰው ከጎኑ ሦስት ሌሎች እንዳሉም አትርሱ። ቀጥ ያለ፣ የተጠረገ፣ ሰው የማይቆምበት መንገድ እስኪተርፍ ድረስ መስመሩን ወደ ላይ አንሱት። ከዚያ አንድ ልምድ ያለው ተወዳዳሪ ብቻውን አውርዱ። የቆመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ከምልክቱ በታች የቀረው መንገድ ከተጠቀመበት ካነሰ መድረሻውን እንደገና አንሱ።