ማርች ላይ ጫካ ለምትሄዱ፦ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱት

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ ወርዶ ለመራመድ ጊዜው አሁን ነው። ቅጠል ገና ስላልወጣ ጫካው ውስጡ ድረስ ይታያል፤ ግንደ ቆርቁር ሲቆረቁር ሰምታችሁ ቀና ብትሉ ወፉን ራሱን ታገኙታላችሁ። ከደረቀው ቅጠል መሃልም ትንንሽ ነጭና ሮዝ አበቦች ብቅ ይላሉ። ዛፎቹ ጥላ ሲያጠሉባቸው ስለሚጠፉ አትዘግዩ።

ግን መዥገር አለ። ብዙ ሰው የሰመር ችግር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ካለ ይንቀሳቀሳል፣ ላይም (Lyme) የሚባለውን በሽታም ያስተላልፋል። ስለዚህ ነጣ ያለ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳሩ አትውጡ፣ መሃሉን ይዛችሁ እለፉ፤ ጫማ ይታጠባል።

ቤት ስትገቡ የለበሳችሁትን ሳታጥቡ በፊት ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አዙሩት። ከዚያ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ የጆሮ ዙሪያ፣ የልጆቹን ደግሞ ፀጉር ሥር ሳይቀር ፈትሹ። ተጣብቆ ካገኛችሁት በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ያዙትና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቫዝሊን መቀባት፣ በእሳት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት። ላይም ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ ያንኑ ማታ መፈተሽ ነው ዋናው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ መዥገር እንደነበረም ንገሩት።