የቀደመ አባት ያሳደረውን ተጽዕኖ እንዴት እናጥና? የአቡነ ኤዎስጣቴዎስና የቀዳሚት ሰንበት ምሳሌ

ለሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ወይም ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዓል ስለ አንድ ቅዱስ አባት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገድሉን ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምርና ልደቱን፣ ምንኩስናውንና ተአምራቱን በቅደም ተከተል አሳጥሮ ያቀርባል። ይህ ለበረከት ይነበባል፤ ነገር ግን ያ አባት ቤተ ክርስቲያኒቱንና ሕዝቡን በምን እንደ ለወጠ አይነግረንም። እኔ የምመክረው መንገድ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕዝቡ ዛሬ ከሚያደርገው ነገር ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ። መንገዱን ቅዳሜም (ቀዳሚት ሰንበት) እንደ እሑድ ይከበር ብለው ባስተማሩት መነኩሴ በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ አሳያለሁ፤ በሌላ አባት ታሪክም እንዲሁ ሊሞከር ይችላል።

በመጀመሪያ በዐይንዎ የሚያዩትን አንድ ልማድ ይምረጡ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውሃ የማይቀምሱ እናቶች ቅዳሜ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሽሮውን በጠዋት ያቀርባሉ፤ ቀኑ ከሥጋና ከወተት ይጾማል እንጂ ከእህል አይጾምም። ይህ ሥርዓት የሚሻረው በዓመት አንድ ቀን፣ በትንሣኤ ዋዜማ ብቻ ነው። ያች ቅዳሜ «ቀዳም ሥዑር» መባሏ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሥዑር ማለት የተሻረ ማለት ነውና። በብዙ የገጠር አገርም ገበሬው ቅዳሜ በሬ አይጠምድም፣ እህል አይፈጭም፤ ገበያ ግን ቅዳሜ የሚቆምበት አገር ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳያለሳልሱ እንዳለ ይመዝግቡት፤ ሃይማኖታዊ ትእዛዝና የኑሮ ግዴታ የት ላይ እንደ ተስማሙ የሚታየው በእርሱ ነውና።

ልማዱን ከመዘገቡ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «ይህን ማን ተከራከረበት?» የሚል ነው። ክርክር ያልነበረበት ልማድ የማንንም አሻራ በግልጽ አያሳይም። የቀዳሚት ሰንበት ነገር ግን ከመቶ ዓመት ያላነሰ ክርክር የተካሄደበት ነው። ጳጳሳችን ከግብፅ ይላክ በነበረበት በዚያ ዘመን የእስክንድርያ መንበር ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ ነው ብሎ ያየው ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ይከበሩ ብለው በማስተማራቸው ተቃውሞ ገጠማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1337 ገደማ አገራቸውን ለቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው አርመን ደረሱ፤ በ1352 ገደማም በዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን አልተበተኑም። አባ አብሳዲ ደብረ ማርያምን፣ አባ ፊልጶስ ደብረ ቢዘንን መሥርተው በዛሬዋ ኤርትራ ምድር ሥር ሰደዱ። ከጳጳሱ ክህነት ባይቀበሉም በገዳማቸው ሥርዓት ጸንተው ሕዝቡን ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ደረጃ ላይ አጥኚው መጠየቅ ያለበት፣ ከጳጳስም ከቤተ መንግሥትም የራቀ ማኅበር እንዴት አሸነፈ የሚለውን ነው። ዐፄ ዳዊት በመጀመሪያ አባ ፊልጶስን በጳጳሱ ግፊት አሰሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1404 ግን ፈትተው ኤዎስጣቴዎሳውያን (የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች) ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው ግብፃውያኑ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የቀዳሚትን ሰንበት መከበር እንዲቀበሉ፣ ኤዎስጣቴዎሳውያንም ከጳጳሳቱ ክህነት እንዲቀበሉ አደረጉ። በእኔ እይታ ንጉሡን ያንቀሳቀሳቸው የራሳቸው ጽኑ እምነት ብቻ አይደለም፤ በሰሜን ብዙ ሕዝብ የተከተለውን ማኅበር ውጭ አስቀርቶ መንግሥትን አንድ ማድረግ የማይቻል ነበር። እምነቱ ከታች ወደ ላይ ወጣ፤ ዐዋጁ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ጽሑፍዎ ሁለቱንም አቅጣጫ ማሳየት አለበት።

አሁን ገድሉን ይክፈቱ። ሲያነቡ የደቀ መዛሙርቱን ስምና የመሠረቷቸውን ገዳማት ለብቻ ይጻፉ፤ የትምህርቱ መስፋፊያ ካርታ ያ ነው። የቃል ኪዳኑን ክፍል በተለይ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ዝክሩን ለሚዘክር፣ ገዳሙን ለሚሳለም የተሰጠው ተስፋ ማኅበሩ ከምእመናን ጋር በምን እንደ ተሳሰረ ይናገራል። ተአምሩንም አይዝለሉት። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልብሳቸውን በባሕር ላይ ዘርግተው መሻገራቸው የተነገረው የሄዱበትን የስደት መንገድ ሕዝቡ እንዴት አድርጎ በልቡ እንዳኖረው ያሳያል።

አንድ ገድል ብቻ ማንበብ ግን ያሳስታል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወግ እ.ኤ.አ. በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተደረገውን ቃል ኪዳን የሚሰጠው ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው፤ የደብረ ሊባኖስ ወግ ደግሞ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። አንዱን መርጠው ሌላውን ሐሰት ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ ገዳም ያንን ታሪክ የጻፈው መቼና ምን ሲያስፈልገው እንደ ሆነ ይጠይቁ።

ከገድሉ ቀጥሎ በብራናው ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ የተጻፈውን ይፈልጉ። በአንድ አጥቢያ አንድ አረጋዊ ዕቃ ቤት ጠባቂ ወንጌሉን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ተሳልመው፣ ጨርቁን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲከፍቱልኝ ዐይኔ ሐረጉና ሥዕሉ ላይ ነበር። እርሳቸው ግን በማርቆስና በሉቃስ መካከል ወዳለው ቅጠል ገልጠው ደብዘዝ ያለ ጽሕፈት በጣታቸው ሳይነኩ አመለከቱኝ፤ የጉልት፣ ማለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት፣ ዝርዝር ነበር። የትኛው መሬት ለየትኛው ታቦት፣ ለየትኛው በዓል ድግስ እንደ ተሰጠ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከደብሩ አስተዳደር ፈቃድ ሳይዙ አይሂዱ፤ ፎቶ የሚያነሡ ከሆነም ያለ ፍላሽ ይሁን።

የዘመን አቆጣጠሩን ለማረጋገጥ በጽሕፈቱ ላይ ዘመኑ የተጠራበት ወንጌላዊ ይረዳል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረው ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2016 ዓ.ም. ሲደመር 7516 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ጽሑፉ ከዚህ ካልገጠመ ጸሓፊው ተሳስቷል ወይም ቆይቶ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በጥንት ጽሑፍ «ዓመተ ምሕረት» የ532 ዓመቱን የዐቢይ ቀመር ዙር የሚቆጥርበት ጊዜም ስላለ ትንሽ ቁጥር ሲያዩ አይደናገጡ። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም ከተነሡት የብራና መጻሕፍታችን ብዙዎቹን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ማየት ትችላላችሁ።

አባቶችን ሲጠይቁ «መቼ ሆነ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ከማን ሰሙት አባቴ?» ይበሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግምት ያመጣል፤ ሁለተኛው የመምህራንን ሐረግ ያወጣል። መልሱን በራሳቸው ቃል ይጻፉ፤ ወደ መጽሐፍ አማርኛ አይለውጡት።

የተሸነፉትንም ይስሙ። የደብረ ምጥማቅን ጉባኤ የጠሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «ለንጉሥ አንሰግድም» ባሉት በደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) ላይ እጅግ ጨክነዋል። የእነዚያ መነኮሳት ገድላት በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ተጠብቀው ባይቆዩ ኖሮ የዚያን ዘመን ታሪክ የምናውቀው ከአንድ ወገን ብቻ ይሆን ነበር። ስለ ዘርዐ ያዕቆብ የሚጽፍ ሰው የሰንበቱን እርቅ አክብሮ ሲጽፍ ግርፋቱንና ግዞቱን መተው አይገባውም፤ ይህን የምለው ንጉሡን ለማቃለል ሳይሆን ሁለቱም በአንድ እምነት ስም የተደረጉ ስለ ሆኑ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን ከነፎቶዎቹ ብራናውን ለከፈቱልዎ ደብር ይመልሱ፤ በቀጣዩ የመስከረም 18 የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዓል ላይ ቢነበብና ካህናቱ ያረሙትን በኅዳጉ ቢጽፉበት ሁለተኛው ቅጂዎ በዚያ ይስተካከላል።