የጤና ማስተርስ ዝግጅት የሚጀምረው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው

ብዙ የጤና ተማሪ ስለ ድኅረ ምረቃ ማሰብ የሚጀምረው ተመርቆ፣ ጤና ጣቢያ ተመድቦ፣ አንድ ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማመልከቻ ቅጹን ሲያነብ ግን የሚጠየቀው ነገር አብዛኛው በተማሪነቱ ዘመን የተሠራ ወይም ሳይሠራ የቀረ መሆኑን ይረዳል፤ ነጥቡ ተዘግቷል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቷል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል ያላቸው መምህራንም መልኩን እንጂ ሥራውን አያስታውሱም። ይህ ጽሑፍ ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሁለቱ ከተሞች በሚገኙ የግል ኮሌጆች ለሚማሩና ከዲግሪ በኋላ ለመቀጠል ላሰቡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ መድረሻን መለየት ይገባል፤ መንገዱ እንደየሙያው ይለያያልና። ሐኪም ወደ ስፔሻሊቲ የሚገባው በሬዚደንሲ ፈተናና ምደባ በኩል ነው። ጤና መኮንን በሕዝብ ጤና፣ በኤፒዲሚዮሎጂ ወይም በሥነ ተዋልዶ ጤና መቀጠል ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍል መራቅ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማህፀንና ፅንስ ሕክምና ላይ የሚያተኩር የ3 ዓመት የማስተርስ ፕሮግራም አለለት። ነርስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የላቦራቶሪ ባለሙያም በየሙያቸው የሚቀጥሉበት ማስተርስ አላቸው፤ ወደ ሕዝብ ጤና መሻገርም ይችላሉ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ቁርጥ ያለ ውሳኔ የሚጠብቅባችሁ የለም። ሆኖም ከታካሚ አልጋ አጠገብ መሥራት ነው ወይስ ከመረጃና ከማኅበረሰብ ጋር መዋል ነው የሚያረካኝ የሚለውን ከአሁኑ ራሳችሁን ብትጠይቁ፣ የምትይዙት ማስታወሻም የምትመርጡት የጥናት ርዕስም አቅጣጫ ይኖረዋል።

ስለ ነጥብ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የማይሠሩት ስሌቱን ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ 60 ክሬዲት ጨርሶ ኩሙሌቲቩ 2.7 ቢሆንና 90 ክሬዲት ቢቀረው፣ በ3.3 ለመመረቅ በቀሩት ኮርሶች አማካዩ 3.7 መሆን አለበት፤ ይህ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው። ነገሩን የሚያስበው 120 ክሬዲት ከጨረሰ በኋላ ከሆነ ግን የሚፈለግበት አማካይ 5.7 ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ነጥብ ደግሞ የለም። ከኮርሶቹም ውስጥ ባዮስታቲስቲክስን፣ ኤፒዲሚዮሎጂንና የምርምር ዘዴን ለማለፍ ብቻ አትማሯቸው፤ ማስተርስ ላይ ተመልሰው የሚጠብቋችሁ እነሱ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ በመውጫ ፈተናው 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል፤ አገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ የቋንቋና የቁጥር ችሎታን ስለሚፈትን በአንድ ሳምንት ሽምደዳ የሚታለፍ አይደለም። በሐረርም በድሬዳዋም ፈተና ሲቃረብ ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ ለጥናት የሚቀመጠው ተማሪ ብዙ ነው፤ በምርቃና የወጣ የጥናት ዕቅድ ግን በማግሥቱ ሲታይ ዕቅዱ እንጂ ጥናቱ አይገኝም። በተለይ ድሬዳዋ ላላችሁ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚያህል የጥናት ሰዓት አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሕይወት ፋና ወይም በድል ጮራ ሆስፒታል ለልምምድ ስትወጡ በጋወናችሁ ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ያዙ። ገጹን በሦስት ክፈሉት፤ አንዱ ቀኑ፣ ሁለተኛው ያያችሁት፣ ሦስተኛው ያልገባችሁ ነው። የታካሚ ስምም ሆነ የካርድ ቁጥር በፍጹም አይጻፍበትም። ከራሴ አሮጌ ደብተር አንዱን ገጽ ልጥቀስ፤ «ማክሰኞ። የ7 ወር ነፍሰ ጡር፣ የመጀመሪያ ክትትሏ ነው። ቤቷ ከጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ታዲያ ለምን ዘገየች?» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያው ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆንና ክትትሉም ቢያንስ 8 ጊዜ እንዲደርስ የሚመክር መሆኑን ያወቅሁት ያቺን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ስጀምር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለ ሌላ እናት ጽፌያለሁ፣ ከዚያም ስለ ሦስተኛ። ደብተር ላይ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ጥያቄ የጥናት ርዕስ ለመሆን ደርሷል። ከዓመታት በኋላ ለምን በዚህ ዘርፍ መማር እንደፈለጋችሁ የሚገልጽ ጽሑፍ ስትጠየቁም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወድ ነበር» ከሚለው፣ መራጮቹ በየማመልከቻው ከሚያነቡት ዓረፍተ ነገር የሚያድናችሁ ይኸው ደብተር ነው።

የማኅበረሰብ ልምምድን፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን የሚወጡበትን ቲቲፒ የሚባለውንም ጭምር፣ ብዙ ተማሪ ሪፖርት ተጠርዞ እስኪያልቅ የሚታገሡት ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ለማስተርስ የጠቀመኝን ያህል የክፍል ትምህርት መጥቀስ ይቸግረኛል። በድሬዳዋ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ የሕፃናትን የአመጋገብ ሁኔታ ስንመዘግብ አንዲት እናት የልጇን ዕድሜ ስንጠይቃት «አድጓል» ብላ ዝም አለች። እኔ በቅጹ ላይ «2 ዓመት» ብዬ ልጽፍ ስል፣ አብራኝ የነበረችው ተማሪ በኦሮምኛ ልጁ የተወለደው ከአረፋ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ሰው ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲጎርፍ ሆዷ ገፍቶ ነበር ወይስ ልጁን አዝላው ነበር ብላ ጠየቀቻት። ሦስት ጥያቄ ሳትጨርስ ልጁ የ20 ወር ልጅ ሆኖ ተገኘ። የአራት ወር ልዩነት ለወላጅ ምንም አይደለም፤ ቁመትን ከዕድሜ ጋር ለሚያነጻጽር ተመራማሪ ግን በደህና ያደገውን ልጅ የቀነጨረ የሚያስብል ስሕተት ነው። ስለዚህ ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን የክስተት መቁጠሪያ አዘጋጁ፤ የቁልቢን ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19፣ ረመዳንን፣ ሁለቱን ዒዶች፣ ሐረር ከሆናችሁ የሐረሪዎችን በዓል ሹዋሊድን አስገቡበት። የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመለሱ የየዓመቱን ቀን ለብቻ መጻፍ እንዳትረሱ። መጠይቁንም አንድ ሰው ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማሊኛ ወይም ወደ ሐረሪ ከተረጎመው በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው፤ ሁለቱ ቅጂዎች የማይገጣጠሙበት ቦታ ላይ ተጠያቂዋም ግራ ትጋባለች።

ወደ መመረቂያ ጥናት ስንመጣ፣ 384 የምትለዋን ቁጥር የማያውቅ የጤና ተማሪ የለም። በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰንና የሚጠናው ነገር ስርጭት 50 በመቶ ነው በሚል ግምት የሚወጣ የናሙና መጠን ነው፤ 10 በመቶ መልስ የማይሰጡ ሰዎች ሲጨመሩበት 423 ይሆናል። ችግሩ ብዙዎች ቁጥሯን ከቀዳሚ ተማሪዎች ጽሑፍ ገልብጠው የሚወስዷት መሆኑ ነው። 50 በመቶ የሚወሰደው በርዕሱ ላይ ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ነው፤ በተመሳሳይ ሕዝብ ላይ የተሠራ ጥናት ስርጭቱን 20 በመቶ ካገኘው የሚያስፈልጋችሁ 246 ሰው ነው እንጂ 384 አይደለም። ለማስተርስ ቃለ መጠይቅ የተቀመጠ አመልካች «ናሙናህን እንዴት ወሰንህ?» ሲባል በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻለ፣ ጥናቱን ራሱ እንደሠራው ጠያቂዎቹ ወዲያው ያውቃሉ። ለመረጃ ትንተናም ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ክራክ ተደርጎ በፍላሽ ከማዞር ይልቅ በነጻ የሚገኙትን ኤፒ ኢንፎንና አርን ብትለምዱ ይሻላል፤ አር መጀመሪያ ላይ ያስለቅሳል፣ ሆኖም ማስተርስ ስትገቡ ከክፍል ጓደኞቻችሁ አንድ ሴሚስተር ትቀድማላችሁ። መረጃ መሰብሰብ የሚጀመረው ደግሞ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ከፈቀደ በኋላ ነው፤ «ትንሽ ጥናት ስለሆነ አያስፈልገውም» የሚል ጓደኛችሁን አትስሙት።

ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል፣ በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህች ትንኝ ከለመድናቸው የወባ ትንኞች የምትለየው በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ መሆኗ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያ ወራት፣ ወባ ይቀንሳል ተብሎ በሚጠበቅበት ደረቅ ወቅት፣ በድሬዳዋ ከ2,400 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ወረርሽኙ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ነበር። በዶርማችሁ በር ላይ ያለው የውኃ በርሜል የዓለም ተመራማሪዎች የሚጽፉበት ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አስተናግዳለች፤ የሁለቱም አስተላላፊ ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለው ትንኝ ናት፤ እሷም በቤት ውስጥ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ቤተሰቦች የውኃ ማጠራቀሚያቸውን በስንት ቀን አንዴ ያጥባሉ፣ ክዳን አለው ወይ፣ ውስጡ ዕጭ ይታያል ወይ የሚል ጥናት አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ባለው ጊዜና ገንዘብ የሚሠራ ነው። ሐረር ላላችሁ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቀርሳና በሐረር ነዋሪዎችን በቋሚነት የሚከታተልባቸው የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት ጣቢያዎች አሉት፤ ከእነሱ የወጡ ጽሑፎችን ማንበብ ርዕሳችሁ ተሠርቶ ያለቀ ወይም ጅምር መሆኑን ይነግራችኋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ተማሪ ይፈራል፣ ይግደረደራልም። መምህር ጥሩ ደብዳቤ የሚጽፈው ስላያችሁ ሳይሆን አብራችሁት ስለሠራችሁ ነው። የማስተርስ ተማሪዎችና መምህራን በየዓመቱ መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ፤ አበሉ ትንሽ ቢሆንም ሥራውን ውሰዱት፣ ቅጹን ሳታጎድሉ መልሱ፣ የተሳሳተ ነገር ስታዩም ተናገሩ። ከዚያ በኋላ «ጋሼ፣ ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» ማለት ልመና አይሆንም። ጥያቄውን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አቅርቡ፤ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ሲቪያችሁንና አብራችሁ የሠራችሁትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መጠየቂያውን በቀጥታ ወደ መምህሩ ኢሜል ስለሚልኩ የመሥሪያ ቤት ኢሜል አድራሻቸውን ጠይቁ፣ ወደ ስፓም ገብቶ እንደሆነም በትሕትና አስታውሷቸው።

ውጭ አገር ለመማር የምታስቡ ከሆነ የጊዜ ስሌት አለ። የእንግሊዝ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል የሆነው ቼቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የጀርመኑ ዳድ (DAAD) ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ደግሞ በአብዛኛው የ2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ ዲግሪውም ከ6 ዓመት በላይ የቆየ እንዳይሆን ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎቹ የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ በተማሪነታችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ አትፈተኑ። በምትኩ በየሳምንቱ አንድ የምርምር ጽሑፍ ፐብመድ ከተባለው የሕክምና ጽሑፎች ድረ ገጽ ፈልጋችሁ አውርዱና አጠቃሎውን (አብስትራክቱን) ሳታዩ በራሳችሁ እንግሊዝኛ በ150 ቃል ጽፋችሁ ከደራሲዎቹ ጋር አነጻጽሩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ስም ነው። የአባቴ ስም በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በትራንስክሪፕቴ ላይ በሁለት «ኤስ» መጻፉን ያወቅሁት የውጭ ዕድል አግኝቼ ሰነድ በምልክበት ጊዜ ነው። የተማርኩበት ተቋም ሬጅስትራር «የ12ኛ ክፍሉን አስተካክል» አለኝ፣ እዚያ ስሄድ «የዩኒቨርሲቲውን አስተካክል» ተባልኩ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ማስረጃ ይዤ ስመለስ ቀኑ አልፎ ነበር። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የሐረር ሰው በሚገባ ያውቀዋል። ስለዚህ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁን፣ የተማሪ መታወቂያችሁንና ፓስፖርት ካላችሁም እሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ልዩነት ካለ ዛሬውኑ፣ ገና ተማሪ ሳላችሁ አስተካክሉ። በምረቃ ሳምንትም ከተማውን ሳትለቁ ስለ ወጪ መጋራት ክፍያችሁና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስለሚላክበት አሠራር ሬጅስትራሩን ጠይቁ፣ ሰነዶቻችሁን በስካነር አንስታችሁ ኢሜላችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ምድባችሁ ጎዴ ወይም ሞያሌ ከሆነ ለአንድ ማኅተም ተመልሳችሁ መምጣት ቀላል አይሆንላችሁም።