የቢራ ጌሾ ስትጨምሩ አታፍሉት

ከውጭ በሻንጣ ያስመጣችሁትን የቢራ ብቅል ሽሮፕ ቤታችሁ የምትጠምቁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቆርቆሮው ሽሮፕ አብዛኛውን ጊዜ ምሬቱን ከፋብሪካ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚጎድለው መዓዛ ነው። ሆፕስ፣ ማለትም የቢራ ጌሾ፣ ብዙ ሲፈላ ይመራል፣ መዓዛው ግን በእንፋሎት ይሄዳል። ስለዚህ መብላላቱ ጋብ ሲል፣ በ5ኛው ቀን ገደማ፣ ለ23 ሊትር 25 ግራም ያህል በተቀቀለ ንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ክተቱት፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል። እንደ ጠላ ጌሾ በእፍኝ አይደለም!

ወጪ የሚበዛው በሽሮፑና በሆፕሱ ነው። ለመጥመቂያ ዕቃው ገንዘብ አታባክኑ። ፒያሳ አካባቢ ለምንኖር፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ ቅርብ ነው፤ ጠርሙስም ከቆራሌው ይገኛል። ብቻ ቡናማውን ምረጡ፣ ምክንያቱም ሆፕስ ያለበት ቢራ ብርሃን ሲነካው መጥፎ ሽታ ያመጣል። ጠርሙሱን አጥባችሁ ቀቅሉት፣ ቆርኪው ግን የግድ አዲስ ይሁን፤ ያገለገለ ቆርኪ ጋዙን አይዝም።

ሳትጠቀሙበት የተረፈውን ሆፕስ አየር እንዳይገባው ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ ለቀጣዩ ጥንስስ ይሆናል።